ሊቀ ፊልም ባየልኝና መልከ ብዙው ጀምበሩ

ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ ከፊተኛው ወንበር ላይ የተተከለ አንድ ሰው አለ። ከተማው ይለያያል እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ይህ ሰው ፊልም አያይም፤ ፊልም ይዳኛል። ሌባው በመስኮት ሲገባ «ከኋላህ ነው፣ ዙር» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሙሽራዋ ስታለቅስ «ነግሬሽ ነበር» ይላታል። ሌላ ሰው ሲያስል ይቆጣል፤ የራሱን አፍ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይከድንም። እናንተም ታውቁታላችሁ። አጎታችሁ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ እኔ እንጃ።

የእኛው፣ የመተማ ዮሐንሱ፣ ሊቀ ፊልም ባየልኝ ይባላሉ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አላስታውስም፤ ራሳቸው ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። በጉልበታቸው ጊዜ በሰሊጥ እርሻዎቹ ላይ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞተር ጩኸት መሀል ስለኖሩ ጆሯቸው ከብዷል። ይህ ለፊልም ዳኛ እንቅፋት ይመስላችሁ ይሆናል። ለሳቸው ግን በረከት ነው፤ ተዋናዩ ያለውን ባይሰሙም ማለት የነበረበትን ያውቃሉ።

ችሎቱ የሚቀመጠው በሐሚዳ ሻይ ቤት ነው። የጭነት መኪኖቹ የጉምሩክ ተራ ከሚጠብቁበት ትይዩ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ያለችው ቤት ናት። ሐሚዳ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶቧን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሻይ ትቀዳለች፣ ሹፌሩ ይተኛል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሊቀ ፊልምም ይፈርዳሉ። እኔም ጎረቤት ስለሆንሁ፣ ቤቴም ባዶ ስለሆነ፣ ከጥግ እቀመጣለሁ። ስንት ዓመት እንደተቀመጥሁ ብትጠይቁኝ ልነግራችሁ አልችልም። አስፋልቱ ሳይገባ ነው ልበል? አይ፣ ከገባ በኋላ ነው። ብቻ ብዙ ነው።

ሊቀ ፊልም ሌሎቹን ተዋናዮች ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። የሚከታተሉት አንዱን ብቻ ነው፤ ጀምበሩ አዛናውን። ጀምበሩን ያላየ የለም፣ ለይቶ የሚያውቀው ግን የለም። ዋናው ሰው ሆኖ ቀርቦ አያውቅም። አንዴ ዘበኛ ነው፣ አንዴ ዳኛ። አንዴ ሰካራም ነው፣ አንዴ ቄስ። ባለፈው ወር ወፍራም የነበረው በዚህ ወር መንምኖ ይመጣል። ሰው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው «ለካስ እሱ ኖሯል» የሚለው። የሚያውቁ ሰዎች ትልቅ ችሎታ ነው ይላሉ። ለሊቀ ፊልም ግን ጀምበሩ ተዋናይ አልነበረም። ጠባዩ አልረጋ ያለ የዘመድ ልጅ ነበር።

የፊልሞቹን ስም አይዙም። «በግ የሰረቀበት»፣ «እናቱን ያባረረበት»፣ «የሞተበት» ብለው ነው የሚጠሯቸው። ሐሚዳም ሰዉም በዚሁ ለምደናል።

«እናቱን ያባረረበት» የታየ ቀን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሁለት ሳምንት ያህል እሱ ብቅ ሲል ወንበራቸውን ወደ መንገዱ እያዞሩ መኪና ሲያዩ ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት ጀምበሩ ቄስ ሆኖ መጣ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ረጅም ጢም፣ በእጁ መስቀል። ሊቀ ፊልም ወንበራቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

«እናቱን ከቤት ያወጣ እጅ መስቀል ይይዛል?» አሉ።

«አያ ባየልኝ፣ ይኼ እኮ ሌላ ፊልም ነው» አለ ለይኩን። ለይኩን ባጃጅ ነጂ ነው። ሥራው ሰው ማመላለስ ነው፣ ደስታው ሊቀ ፊልምን መነካካት።

«ፊልሙ ሌላ ይሁን። እጁ የማን ነው?»

ለይኩን ሻዩን አነሣ። እኔ ዛሬም ሳስበው መልሱ አይመጣልኝም።

«የሞተበት» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ጀምበሩ የደን ጠባቂ ሆኖ ሽፍቶች ገደሉት። አሟሟቱ ያምር ነበር፤ ዛፉን ተደግፎ፣ ቆቡን ከራሱ አውልቆ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው የሞተ። ሊቀ ፊልም ሦስት ቀን ጢማቸውን አልተላጩም። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ጊዜ «እግዜር ያጥናዎ» ልበል አልበል ብዬ ግራ ገባኝና «እንዴት ዋሉ» ብዬ አለፍሁ። በሳምንቱ እሑድ ጀምበሩ ባለሱቅ ሆኖ ስኳር ሲመዝን አየነው። መጀመሪያ ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ጠቆረ።

«እኛን አስለቅሶ እሱ ስኳር ይመዝናል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ሚዛኑንም በጣቱ ይጫናል» አሉ።

ትራክተር የነዳበትን ጊዜማ አታንሡት። በዚያ ፊልም ውስጥ ጀምበሩ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንዳገባ፣ ማንን እንደበደለ ከመካከላችን ያወቀ የለም፤ ሊቀ ፊልም ተነሥተው ስክሪኑን ሸፍነውት ነበር። «ክላቹን ሳይረግጥ ማርሽ ለወጠ፣ አያችሁት? የማረሻውን ዲስክ ሳያነሣ ዞረ። ይህ ልጅ ሰው መግደል ያውቃል፣ መሬት ማረስ ግን አያውቅም።»

ፍርዳቸው ግን አድልዎ የለበትም። ደግ ሲሠራም ይመሰክሩለታል። አንዴ ልጁን አውቶብስ ተራ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ልጁ አልመጣችም። አውቶብሱ ባዶ ሲሆን ሽማግሌው ምንም አላለም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ፣ ከዚያ በቃ ሄደ። ሻይ ቤቱ «ምን ነካው፣ አያለቅስም?» ብሎ አጉረመረመ። ሊቀ ፊልም እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን።

«እጁን አያችሁት? ኪሱ ውስጥ ረስቶታል። የሚይዘው ነገር ያጣ እጅ ነው» አሉ። «እዚህ ላይ አልዋሸም።»

ይህን ሲሉ ሐሚዳ ሻይ መቅዳቷን አቆመች። አዋቂ ነን ከሚሉት ስለ ተዋናይ ከዚህ የተሻለ ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ብዙም አልሰማሁ እንግዲህ።

ነገሩ የከፋው እኒህ ሰው አንድ ሐሳብ ካወጡ በኋላ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው የማያውቀውን መሥራት አይችልም። ጀምበሩ ይህን ሁሉ ጠባይ ከየት ይማረዋል? መልኩን ለውጦ ከሰው መሀል እየኖረ ነው። መልክ ለውጦ ለመኖር ደግሞ ከመተማ የተሻለ አገር የት ይገኛል? እዚህ ሁሉም እንግዳ ነው። ደገኛው ለአጨዳ ይወርዳል፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ሱዳኑ በእግሩ ይሻገራል፣ ሹፌሩ አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። ማን ማንን ይጠይቃል?

ከዚያ ወዲህ አዲስ ፊት ሁሉ ተመረመረ። ወደ ጉምሩኩ ተቀይሮ የመጣው መርማሪ «ጀምበሩ ነው» ተባለ። ፍየል የሚነዳው ሱዳናዊ «ጀምበሩ ነው» ተባለ። የሐሚዳ ባል ሙሐመድጣሂር፣ ሃያ ዓመት ጨርቅ የሸጠልን ሰው፣ ሕመም አግኝቶት ጢሙን የተላጨ ጊዜ ሊቀ ፊልም ሱቁ በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ወላሂ እኔ ነኝ፣ አያ ባየልኝ» አለ ሙሐመድጣሂር።

«እሱንማ ትላለህ» አሉና ጠጋ ብለው በጆሮው «አረማመዱን ግን አልያዝኸውም፤ ሙሐመድጣሂር ግራ እግሩን ይጎትታል» አሉት።

ምስኪን ሙሐመድጣሂር ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳቸው ፊት ሲያልፍ ግራ እግሩን እየጎተተ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ይጎትት እንደነበር እንጃ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አምና በሰሊጥ አጨዳ ወደ ሆነው ነገር ለመድረስ ነው።

ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል አይታገስም። ቀኑ ካለፈ ማንንም ሳይጠብቅ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰሜኑ ደጋ ማጭድ የያዘ ሰው ይጎርፋል። የሸሕዲ ከተማ መንገዱ ሁሉ ሰው ይሆናል። ባለ እርሻው መጥቶ በአይሱዙ ጭኖ ይወስዳቸዋል። በስም የሚጠራ የለም፤ «አንተ ወሎ፣ ውጣ»፣ «አንተ ጎጃም፣ ተጠጋ» ነው። ከመካከላቸው የታመመ ካለ መኪናው ሲመለስ ከተማ ላይ አውርዶት ያልፋል።

አንድ ጠዋት እንዲህ የተራገፈ አንድ ሰው ከሐሚዳ ኒም ሥር ተኝቶ አገኘን። ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቋል፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስሙን ሲጠይቁት የሚያጉተመትመው አይሰማም። አላፊው «ሰክሮ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቆላው በልቶታል» ይላል፤ ሁሉም እያለ ያልፋል። እኔም ውሃ ላምጣለት ብዬ ስነሣ ሊቀ ፊልም ደረሱ። ቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። ከዚያ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ሻይ አዘዙ።

«መጣ» አሉ።

«ማን መጣ?» አልኋቸው።

«ጀምበሩ ነዋ። በሽተኛ መስሎ የለመነበትን ረሳሽው? ያን ጊዜ እግሩ አጋልጦት ነበር፤ ንጹሕ እግር ነበር፣ አፈር ቢቀቡትም። አሁን ተረከዙን እይው። ተሰነጣጥቋል። አሻሽሎ ነው የመጣ።»

ሐሚዳ ውሃ ይዛ ወጣች። «ተይው፣ አታበላሺበት» አሏት። «ሥራ ላይ ነው።» ሰዉ ተሰበሰበ። እሳቸውም እየጠቆሙ ገለጹልን፤ አተነፋፈሱን፣ ጣቶቹ አፈሩን እንዴት እንደሚቆነጥሩ፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንኳ አለማባረሩን። «ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣው?» እያሉ ተደነቁ።

ይህን የምጽፈው እንዳልዋሽ ነው፤ እኔም ቆሜ አየሁ። እኒህ ሰው በርግጠኝነት ሲናገሩ ሰው ግራ ይገባዋል። ፊት ለፊቴ የተኛው በሽተኛ መሆኑን ዓይኔ ይነግረኛል፣ ጆሮዬ ደግሞ ጀምበሩ ነው ይለኛል፤ ጆሮዬን አመንሁ። ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም። ጥላው ከሰውየው ላይ ተነሥቶ ፀሐዩ ፊቱን እስኪመታው ድረስ ነው።

ያን ጊዜ ሐሚዳ ትዕግሥቷ አለቀ። «ተዋናይም ቢሆን ውሃ ይጠጣል» አለችና ሁላችንንም ገፍትራ ገባች። ጭንቅላቱን ቀና ስታደርገው ካፍንጫው ደም ወረደ፣ በቶቧ ላይ። ሊቀ ፊልም «ይህን ደግሞ እንዴት ሠራው?» እያሉ ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። እሳት እንደነካ ሰው መልሰው ሳቡት።

መዳፋቸውን ሲያዩት ቆዩ።

«ሁሉ ነገር ይሠራል» አሉ። «ትኩሳት አይሠራም።»

እዚህ ላይ እናንተም፣ እኔም፣ ልብ ያለው ሁሉ «እንግዲያው ሰውየው ጀምበሩ አይደለም» ብለን እንደመድማለን። ሊቀ ፊልም እንዲህ ባለ ቀላል መንገድ አይሄዱም።

«ጀምበሩ ታሟል» አሉና ወደ እኛ ዞረው ተቆጡ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ሰው ሲሞት እንደ ፊልም ታያላችሁ? የት ነው ያደጋችሁ?»

ተሸክመነው ወደ ሸሕዲ ሚኒባስ ሮጥን።

የሚኒባሱ ረዳቶች ደሙን ሲያዩ «ሞልቷል» አሉ። ያነሣው ለይኩን ነው። «ባጃጇ ሸሕዲ ትድረስ አትድረስ አላውቅም፣ እንሞክር» አለ። ሊቀ ፊልም ከኋላ ተቀምጠው የሰውየውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ያን ሁሉ መንገድ ሄዱ።

ሸሕዲ ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጡ «የበሽተኛው ስም?» ተባሉ። «ጀምበሩ አዛናው።» «ሥራ?» «የኪነ ጥበብ ሰው።» ጸሐፊዋ ባዶ እግሩን ሰሊጥ አጫጅ ቀና ብላ አየችና ጻፈች። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ካላዛር ነው አለ፤ ቆላችን ለእንግዳ የሚሰጠው በሽታ ነው፣ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣ። አሥራ ሰባት ቀን በየቀኑ መርፌ አለው። «መርፌውን እኛ እንወጋዋለን» አለ ሐኪሙ። «ግን ይህ ሰው አቅም የለውም። የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ሲቃዥ የሚይዘው አስታማሚ ከሌለ መርፌው ብቻውን አያተርፈውም። ዘመድ አለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሊቀ ፊልም። «ከስንት ፊልም ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ተቀመጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከአልጋው ሥር ካርቶን አነጠፉና አስታማሚ ሆኑ። እኔ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩዝና ሾርባ ይዤ በሚኒባስ እሄድ ነበር። በሄድሁ ቁጥር አንድ ነገር አስብ ነበር። እኒህ ሰው ሌሊት የሚነሡት ለጀምበሩ ነው። የሚያጎርሱት ጀምበሩን ነው። ጀምበሩ አለመሆኑን ያወቁ ዕለት ካርቶናቸውን ጠቅልለው ወደ ሻይ ቤታቸው ቢመለሱስ? ያ ምስኪን በዚህ አገር ሌላ ማንም የለውም። ስለዚህ እኔ፣ ለሳቸው እውነቱን ለመናገር ስንት ጊዜ ያሰብሁት፣ ሐኪም ቤት ስደርስ «ጀምበሩ እንዴት አደረ?» እያልሁ መጠየቅ ጀመርሁ።

በአምስተኛው ቀን በሽተኛው ዓይኑን ገለጠ። እኔም ነበርሁ። በጣም በቀጭን ድምፅ፦

«አባቴ፣ ሙዓዝ እባላለሁ። ከላስታ ነኝ» አለ።

«ስሙት፣ የላስታውን አነጋገር እንዴት አድርጎ እንደያዘው» አሉ ሊቀ ፊልም ለእኔ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠግተው የቆየውን መዝገብ ገለጡ። «ያን በግ ለምን ሰረቅኸው?»

«የማንን በግ?»

«የዚያችን መበለት።»

ሙዓዝ አሰበ። ላስታ ተኮትኩቶ ያደገ ልጅ ነው፤ የሚያጎርሰውን ሽማግሌ «ተሳስተዋል» ማለት አያውቅበትም። «ትኩሳቱ አስረስቶኝ ይሆናል። ይቅር ይበሉኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ።

«ስኳሩስ? ሚዛኑን በጣትህ ስትጫን ዓይኔ አይቶሃል።»

«ያንንም ይቅር ይበሉኝ።»

«ቄስ ሆነህ ጥሩ ነበርህ። ድምፅህ ግን ከመቅደስ የወጣ አይመስልም፣ ከገበያ ነው። ዛፉን ተደግፈህ የሞትኸውን እኔ አልረሳውም። እሱ ደግ ነው።»

ሙዓዝ እንደሞተ ሲነገረው ደንግጦ ወደ እኔ አየ። እኔም ምን ልበለው? ራሴን ነቅንቄ «አዎን» አልሁት፣ እስካሁን የተባለውን ሁሉ ካመነ ሞቱንም ይመን ብዬ።

«እናትህንስ ለምን አባረርኻት?» አሉ ሊቀ ፊልም በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ እስካሁን ያልበረደላቸው ይህ ነው።

ሙዓዝ ለዚህ ይቅርታ አልጠየቀም። ዓይኑ ሞላ። «አላባረርኋትም» አለ። «ሳልነግራት ነው የመጣሁ። ገበያ ወጣሁ ብዬ በዚያው ወረድሁ። ብነግራት አትለቀኝም ነበር።»

ሊቀ ፊልም ትራሱን አስተካከሉለት።

«ይህ ፊልሙ ላይ አልነበረም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ሾርባውን አነሡ።

በዘጠነኛው ቀን ለይኩን መጣ። ልቡ ክፉ አይደለም፤ ያን ባጃጅ ያን ሁሉ መንገድ የነዳ እሱ ነው። ግን ሊቀ ፊልምን ሳይነካካ ዘጠኝ ቀን ከርሞ አፉ ሳይበላው አልቀረም። ገና ከበሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ገባ። ምን እንደያዘ ገባኝና ወደ ኮሪደሩ ጎተትሁት።

«ለይኩን፣ ዛሬ ይቅር።»

«ምን አጠፋሁ፣ እቴቴ? እውነት ነው የማሳያቸው። ጀምበሩ ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ስለ ሥራው ተጠየቀ። ይዩት፣ ይረፉ።»

«ስምንት መርፌ ይቀረዋል። እሳቸው ከተነሡ ማን ያጎርሰዋል? አንተ?»

ፈገግታው ጠፋ። ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል ግን ሊቀ ፊልም ደረሱ። ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው ምንም አልሆነም። «ምንድን ነው የምትደብቁኝ? አምጣው» አሉ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «አምጣው» ካለ አይከለከልም። ነርሷ ድምፅ እንዳይከፈት ስላዘዘች ድምፁን ዘግቶ ሰጣቸው።

ይዘውት ወደ አልጋው ተመለሱ። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። ሹራብ የለበሰ፣ ግንባሩ የሸሸ፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ነበር። ይናገራል፣ ፈገግ ይላል፣ ውሃ ይጎነጫል። ወፍራም አይደለም፣ ቀጭንም አይደለም። ሌባ አይመስልም፣ ቄስም አይመስልም።

«ይኼ ማነው?» አሉ።

ለይኩን ወለሉን አየ። ሰውየውን ሃያ ዓመት የተከታተሉት ሊቀ ፊልም ጀምበሩን ሲያዩት አላወቁትም። እኔም ባላውቅ በወደድሁ።

«የቀበሌ ሰው ይመስላል» አሉ። «አይናዲስ፣ አንቺ መሠረተ ትምህርት የተማርሽ ነሽ። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ፊደል በመቁጠሬ የተጸጸትሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ስም ልጥራ ብዬ አፌን ከፈትሁ፣ የሰው ስም ሁሉ ጠፋኝ። በዓለም ላይ አንድ ስም ብቻ የቀረ መሰለኝ።

«ጀምበሩ አዛናው ይላል» አልሁ።

«ድገሚው።»

«ጀምበሩ አዛናው።»

ስልኩን አዩ። አልጋውን አዩ። እንደገና ስልኩን አዩ። ሙዓዝ የሆነው ነገር ባይገባውም መጥፎ ነገር መሆኑ ገብቶታል። በክርኑ ሊነሣ ሞከረና «አባቴ፣ ሙዓዝ ነኝ ብዬ ነግሬዎት ነበር» አለ። «ባለማወቅ አድክሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ ይሂዱ።» ክርኑ አልያዘውም፤ ትራሱ ላይ ወደቀ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉ በሽተኞች ሁሉ እኛን ያያሉ። ሊቀ ፊልም ስልኩን ለለይኩን መለሱለት። ፍርድ የሚሰጡ ሲሆን እንደሚያደርጉት አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ያኛው ደህና ነው» አሉ። «ሹራቡን ለብሷል፣ ውሃውን ይጠጣል። አስታማሚ አያሻውም።»

ማንኪያውን አነሡና ሙዓዝን «አፍህን ክፈት» አሉት።

ለይኩን የውሃውን ጀሪካን ይዞ ወጣ፤ ሞልቶ ተመለሰና ባጃጇን እዚያው አቁሞ ያን ሌሊት ከካርቶኑ ጎን አደረ። ስምንቱም መርፌ አለቀ። ሙዓዝ በእግሩ ወጥቶ የላስታን መንገድ ያዘ፤ ለእናቱም ስልክ ያላት ጎረቤት ተፈልጋ አስቀድሞ ተነገራት።

ሊቀ ፊልም ያ ሰው ጀምበሩ እንደነበር አሁን ያምኑ፣ አያምኑ፣ እኔ አላውቅም። አንዳንድ ቀን «ጀምበሩ የታመመበት» ይላሉ፣ አንዳንድ ቀን «ያ የላስታ ልጅ» ይላሉ። ጠይቄያቸው ነበር፤ የመለሱልኝን ረስቼዋለሁ፣ ወይም አልመለሱልኝም።

እኔም ዕድሜዬ ገፍቷል። የታመምሁ ቀን አያ ባየልኝ አልጋዬ አጠገብ ይቀመጡልኝ እንጂ፣ በማንም ስም ቢጠሩኝ ቅር አይለኝም። በግም ሰርቄያለሁ እላቸዋለሁ።